ለፋቂነት ሦስት ምስክር

ፈቃደ ገረሱ በዚያ ቅዳሜ ጠዋት የነቃው፣ ሚስቱ ሠርካዲስ ሳሎን ተቀምጣ ፋቂ ለመሆን ስንት ምስክር እንደሚያስፈልግ ከወንድሟ ጋር ስትማከር ሰምቶ ነው። መኝታ ቤቱን ከሳሎኑ የሚለየው ግድግዳ ከሣጥን እንጨት ተመትቶ ጋዜጣ የተለጠፈበት ስለሆነ ሹክሹክታ እንኳ ያሳልፋል። መጀመሪያ ሕልም መስሎት ነበር። ሠርካዲስ በትዳር ዘመናቸው ሁሉ «ፋቂ» የሚለውን ቃል ጠርታ ሳታማትብ የቀረችበትን ቀን አያስታውስም፤ ሰፈር ውስጥ ሕፃን ሆዱን በቆረጠው ቁጥር ቆዳ አልፊ በዚያ አልፎ እንደሆነ የምትጠይቅ ሴት ናት። አሁን ግን ቃሉን ሳትጸየፍ፣ ቀበሌ ሱቅ ስኳር ገብቶ እንደሆነ በምትጠይቅበት ድምፅ ታነሳው ነበር።

«ሦስት ነው» አለ ወንድሟ ኃይለመለኮት። «ሁለቱን ከፍርድ ቤቱ በር አግኝቻለሁ፤ የለመዱ ናቸው። ሦስተኛው ግን ቀበሌው የሚያውቀው፣ መታወቂያ ያለው ሰው ይሁን ተብሏል።»

«ፈቃደ አለ አይደለም እንዴ» አለች ሠርካዲስ። «ለመቼ ሊሆነን ነው?»

ፈቃደ ብርድ ልብሱን እስከ አፍንጫው ሳበ።

ነገሩ እንዲህ ነው። መንግሥት በአሮጌው ሥርዓት ከተናቁ የእደ ጥበብ ሰዎች የተወለዱትን፣ ምህንድስና የሚማሩትን ልጆች መርጦ ምሥራቅ ጀርመን ሊልክ ነው። ሥልጠናው የፋብሪካ ፍሳሽ ማጣራትና የተበከለ ወንዝ መልሶ ማዳን ነው። የቀጥቃጭ፣ የሸክላ ሠሪ፣ የፋቂ ልጅ የሆነ ሁሉ ዘሩን በሰው አስመስክሮ ይመዘገባል፤ ከልደታ አካባቢ የሚወሰደው ግን አንድ ተማሪ ብቻ ነው፤ ምዝገባውም የሚዘጋው በዚሁ ቅዳሜ ነው። የኃይለመለኮት ልጅ ልዑልሰገድ አምስት ኪሎ ምህንድስና ይማራል። ይማራል ከተባለ ነው፤ ሦስተኛ ዓመትን እየደገመው ነው። እንኳን ወንዝ ሊያጸዳ የበላበትን ሳህን አንሥቶ አያውቅም። ጉዞው በአውሮፕላን መሆኑ በተሰማ ማግሥት ግን ቤተሰቡ በሙሉ ፋቂ ለመሆን ወሰነ። አያታቸው ፊታውራሪ ነበሩ። ጎራዴያቸው በአብዮቱ ሰሞን ከግድግዳ ወርዶ አልጋ ሥር ቢገባም፣ ስማቸው ከሳሎኑ ወጥቶ አያውቅም፤ እንግዳ በመጣ ቁጥር ፊታውራሪ እንዲህ አሉ፣ ፊታውራሪ እንዲህ አደረጉ ይባላል። ፊታውራሪነት ሲያበላ ፊታውራሪ፣ ፋቂነት አውሮፕላን ሲያሳፍር ፋቂ፤ ባለዘር ማለት ለካ ይኼ ኖሯል።

ፈቃደን ብርድ ልብስ ውስጥ የቀበረው ግን የነሱ ውሸት አልነበረም። እሱ ራሱ ፋቂ ነው። ከጉደር ማዶ ባለች መንደር፣ ገረሱ የሚባል ቆዳ ፋቂ ከወለዳቸው ሁለት ወንዶች ታናሹ ነው፤ ስሙም ፈቃደ ሳይሆን ኩማ ነበር። በልጅነቱ አዲስ አበባ ገባ፣ ማታ ማታ ተማረ፣ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ተቀጠረ፣ ስሙን ለወጠ። ሠርካዲስን ሊያገባ ሲል አባቱን በአፉ ባለርስት አደረገውና ወዲያው በአፉ ገደለው፤ ከጠላ ቤት የለቃቀማቸውን ሽማግሌዎችም ላከ። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል፤ ይኼኛው ጅብ የባሰበት ነው፣ ቁርበት ሲነጠፍለት ሸተተኝ ብሎ አፍንጫውን የሚይዝ። ታላቅ ወንድሙ ዳዲ እዚያው ቆዳ እየፋቀ ልጆቹን ሲያስተምር፣ ፈቃደ አንድ ቀን ዞር ብሎ አላየውም። ከዚያ ኑሮ የቀረችው አንዲት ልማድ ብቻ ናት። በየማለዳው ሎሚ ቆርጦ እጁን ያሻል፣ በተለይ ከጥፍሮቹ ሥር። ሠርካዲስ ይህን ለጎረቤት ስታወራ ባሌ ንጹሕ ነው ትላለች።

ያን ዕለት ጠዋትም እጁን አሽቶ ሳይጨርስ የግቢው በር ተንኳኳ። የመጣው የዳዲ ልጅ ዋቅሹማ ነው። እሱም አምስት ኪሎ ምህንድስና ይማራል፤ አራተኛ ዓመት ደርሷል። ከዚህ በፊት አንድ ጊዜ ቤት ድረስ መጥቶ ነበር፤ ፈቃደም ለሚስቱ የአገሬ ሰው ልጅ ነው አላት። ሠርካዲስ ከጉደር ማዶ የመጣ ሰው ምን እንደሆነ በምን ይታወቃል ብላ ውኃ የሰጠችው በውጭ ኩባያ ነው። የውጭ ኩባያ የሚባለው ጠርዙ የተላጠ፣ ሰማያዊ የቆርቆሮ ኩባያ ሲሆን፣ የሚሰቀለው ከቤቱ ኩባያዎች ጋር ሳይሆን ከማድ ቤቱ በር ውጭ ባለ ምስማር ላይ ነው። ሸክላ ሻጯም፣ ቆዳ ገዢውም፣ ዘሩ ያልተጣራ ሁሉ በሱ ይጠጣል። ዋቅሹማ ያን ጊዜ ኩባያውን አየ፣ አጎቱን አየ፣ ውኃውን ጠጣና እግዜር ይስጥልኝ ብሎ ሄደ። ፈቃደ ወለሉን ሲመለከት ነበር።

አሁን ግን ኃይለመለኮት ሳሎን ውስጥ ስላለ ልጁን ከበሩ አላሳለፈውም። ክንዱን ይዞ ወደ ሜክሲኮ በሚያወጣው መንገድ ዳር ወዳለች ሻይ ቤት ወሰደው። ወሩ የባተበት ቀን ስለሆነ ልደታ ናት፤ ነጠላ የለበሱ ሴቶች ከቤተ ክርስቲያኑ ይመለሳሉ፣ ጧፍ ሻጮች የቀራቸውን ጧፍ ይሰበስባሉ። ሻይ ቤቱ ስኳር ካጣ ሰንብቷል። ባለቤቷ ከእያንዳንዱ ብርጭቆ ጋር አንድ ከረሜላ ታስቀምጣለች፤ እሱን ጉንጭ ውስጥ ይዞ ነው መጠጣት፤ ዋጋው ግን ስኳር ከነበረበት ጊዜ ጨምሯል። ፈቃደ ስለ ከረሜላው ብዙ አወራ። ስለ ጤፍ አወራ፣ ስለ ዝናቡ አወራ። ልጁ በትዕግሥት አስጨረሰው።

«ጋሼ፣ ለሥልጠናው አመልክቻለሁ» አለ ዋቅሹማ። «ከአባቴ አገር የሚመጣው ወረቀት ግን አልደረሰም። የቅርብ ዘመድ ቀርቦ ከመሰከረ ይበቃል ብለውኛል። እዚህ ቀበሌ አዳራሽ ነው፣ ከምሳ በኋላ። እዚህ ከተማ ያሉኝ ዘመድ እርስዎ ብቻ ነዎት።»

«ውጤትህ ደህና አይደል እንዴ? በሱ አይወስዱህም?»

«ውጤቴን አይተው ወደውታል። አሁን የሚፈልጉት አባቴ ፋቂ መሆኑን የሚያውቅ ሰው ነው።»

ፈቃደ ሻይ ቤቱን ዞር ዞር ብሎ ቃኘ። «ቀስ በል» አለ።

ልጁ ድምፁን ዝቅ አላደረገም። ከልደታ ቁልቁል የሚወርደውን ወንዝ ውኃ በጠርሙስ ቀድቶ ላቦራቶሪ ውስጥ እንደመረመረው፣ ከቆዳ ፋብሪካ የሚወጣ ክሮም የተባለ መርዝ እንዳገኘበት ነገረው። «አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ቆዳ የሚያለፋው በእንቧይና በጉሎ ነው» አለ። «እሱ ከሚሠራበት በታች ከብት ይጠጣል። ከፋብሪካው በታች ግን እንቁራሪት እንኳ አይጮህም። ሊጣራ ይችላል ጋሼ፣ እዚያ አገር ያውቁበታል። ቆዳ ሲለፋ ምን እንደሚወጣው ደግሞ እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ። ይኼን ሥራ ለኔ ብሎ የፈጠረው ነው የሚመስለኝ።»

እንዲህ ሲል ዓይኑ በርቶ ነበር። ልክ ዳዲን ይመስላል፤ ዳዲ ጥሩ ቆዳ ሲያገኝ እንዲሁ ነበር የሚሆነው። ፈቃደ ቦታው አንድ ብቻ መሆኑን፣ ለዚያም ቦታ እሱ ራሱ ገና ከአልጋው ሳይወርድ ለሌላ ልጅ ምስክርነት መታጨቱን ሊነግረው ይችል ነበር። ከረሜላውን ከወዲያ ጉንጩ ወደ ወዲህ አዞረ።

«ይመጣሉ?» አለ ዋቅሹማ።

«እናያለን።»

በዚህ ከተማ እናያለን የተባለ ነገር ታይቶ አያውቅም። ልጁ ግን ገጠር ያደገ ነውና አመነ፤ ተነሥቶም የአጎቱን ጉልበት ሊስም ጎንበስ ሲል ፈቃደ ሰው እንዳያየው ፈጥኖ አስቀረው። የሻዩን ሒሳብ ከፈለና እንደ ትልቅ ቸርነት ቆጥሮት ቀለል ብሎት ተመለሰ።

ቤት ውስጥ ሁለት ዝግጅት በአንድ ጊዜ ተይዟል። አንደኛው የማታው ነው። ፈቃደና ኃይለመለኮት አባል የሆኑበት የልደታ ማኅበር በየወሩ በተረኛው ቤት እየተሰበሰበ ከአንድ ጽዋ ይጠጣል፤ የዚህ ወር ተረኛ ፈቃደ ነው። ጠላው ጥግ ላይ ተሸፍኖ ቆሟል፣ ዳቦው ተደፍቷል፣ ሠርካዲስም ጽዋውን በአመድና በውኃ አጥባ ንጹሕ ጨርቅ አልብሳዋለች። ሁለተኛው ዝግጅት ልዑልሰገድን ፋቂ ማስመሰል ነው። ልጁ መሀል ሳሎን ቆሟል፤ አክስቱ ኮቱን አስወልቃ ከሰፈሩ ዘበኛ የተዋሰችውን ሹራብ አለበሰችው፤ ቀጥላ የእጅ ሰዓቱን ፈታች።

«ፋቂ ሰዓት ያስራል እንዴ?» አለች።

«እንደሱ አትበይ» አለ ኃይለመለኮት። «ስድብ ነው ተብሏል እኮ። የተናቁ የእደ ጥበብ ሰዎች ነው የሚባለው።»

«ታዲያ የተናቀ ሰዓት ያስራል?»

ልዑልሰገድ ጀርመን አገር ሄዶ ጭቃ ሲዝቅ ታይቶት ኖሮ፣ ወንዙን የግድ ማጽዳት ይኖርበት እንደሆነ ጠየቀ። አባቱ ሳቀ። «ዋናው መሳፈሩ ነው። ከዚያ ወዲያ ማን ወንዝ ያጸዳል? ደግሞስ ማን ይመለሳል?» አለና ወደ ፈቃደ ዞረ። «አንተ የምትለው አንድ ቃል ነው። አዎ፣ ፋቂ ናቸው። በቃ።»

ምሳ ቀርቦ ሁሉም መሶቡን ከበቡ። ፈቃደ እንጀራውን እየቆረሰ አይበላም። ልናገር ወይስ ልተው እያለ ነው። አሁን ቢናገር ምን ይመጣል? ሠርካዲስ ትጮሃለች፣ ኃይለመለኮት ይሳደባል፣ ማታ ማኅበሩ ይበተናል፤ ግን የወንድሙ ልጅ ይሄዳል። እውነተኛው ፋቂ እያለ የውሸቱን ምን አስፈለጋችሁ ቢላቸው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። አፉን ከፈተ። በዚያች ቅጽበት ሠርካዲስ በወጥ የራሰ ትልቅ ጉርሻ አዘጋጅታ ኖሮ አጎረሰችው። ከሠርጋቸው ቀን ወዲህ እንዲህ አጉርሳው አታውቅም። ፈቃደም አላመጠ፣ ዋጠ፣ «እጅሽን ያለምልመው» አለ። ወሬው በዚህ ተዘጋ።

የቀበሌው አዳራሽ ጣሪያ ቆርቆሮ ስለሆነ ከሰዓት በኋላ ምጣድ ይሆናል። ፊት ለፊት ባለው ጠረጴዛ ሊቀመንበሩ ጓድ ደገፋና ከሥልጠናው ጽሕፈት ቤት የተላኩ አያንቱ የተባሉ መሐንዲስ ተቀምጠዋል። ደገፋ የፊታውራሪውን ትርፍ ቤት በአዋጁ ጊዜ ራሱ ያሸገ ሰው ነው፤ የኃይለመለኮትን ዘር ከኃይለመለኮት እኩል ያውቃል። ትናንት ማታ አንድ በግ ከኃይለመለኮት ግቢ ወጥቶ ደገፋ ግቢ ሲገባ ያየ ግን፣ ሊቀመንበሩ ዛሬ ለምን ምንም እንደማያስታውስ አይጠፋውም። ደገፋ ስለ ጭቁኖች መብት ረዥም ንግግር አደረገ። ፈቃደ ከምስክሮቹ ወንበር፣ ሠርካዲስ ከሴቶቹ ረድፍ ሆነው ሰሙ። ዋቅሹማ ከኋላ፣ በሩ አጠገብ፣ አጎቱ መምጣቱን አይቶ ፊቱ ፈክቶ ቆሟል። የመጣው ለሱ መስሎታል።

መጀመሪያ የተጠራው ልዑልሰገድ ኃይለመለኮት ነው። ከፍርድ ቤቱ በር የመጣው የመጀመሪያ ምስክር ተነሥቶ ማለ፤ ቤተሰቡ ፋቂ ስለመሆኑ በምን እንዳወቀ አያንቱ ሲጠይቁት ያለ ማመንታት መለሰ። «ቆዳውን በጨው ቀቅለው በቢላዋ ሲልጡት በዓይኔ አይቻለሁ።»

«ቀቅለው?» አሉ አያንቱ።

«በደንብ አድርገው።»

ሁለተኛው ምስክር በዕለቱ ሌላ ጉዳይ ላይ ውሎ ኖሮ፣ ከልማድ የተነሣ እስከ ግራሩ ያለው ድንበር የነሱ እንደሆነ ከሕፃንነቴ ጀምሮ አውቃለሁ አለ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። አያንቱ የልዑልሰገድን ወረቀት ገፋ አደረጉት። ኃይለመለኮት ፊቱ ዳማ መሰለ፤ ፈቃደንም ተነሥ እንጂ በሚል ዓይን አየው።

ፈቃደ ተነሣ። «አዎ፣ ፋቂ ናቸው» አለ፤ ሊቀመጥም ጎንበስ አለ።

«ቆይ ጓድ» አሉ አያንቱ። «እርስዎ በምን አወቁ? ወይስ እርስዎም አገር ቆዳ ይቀቀላል?»

አዳራሹ እንደገና ሳቀ። ይህ ሳቅ ፈቃደን አንድ የማያውቀው ቦታ ነካው። ሃያ ዓመት ሙሉ በፋቂ ስም ሲሳቅ አብሮ የሳቀ ሰው፣ ዛሬ በሥራው ሲቀለድ አልቻለም። «ቆዳ አይቀቀልም» አለ። «ከተቀቀለ ጫማም አይወጣው። መጀመሪያ ውኃ ውስጥ ይዘፈዘፋል። ከዚያ በችካል ይወጠራል፣ ከበሮ እስኪመስል። የሚፋቀው በባልጩት ነው፣ በቢላዋ አይደለም። ባልጩቱ በሙጫ ከእንጨቱ ጋር ይያዛል፤ ሲደነዝዝ ጠርዙ ይነቀሳል። ወደ ውጭ ከገፋኸው ቆዳውን ትበሳዋለህ፤ ወደ ደረትህ ነው የምትስበው፣ እንዲህ።» ሁለት እጆቹ አየር ላይ ወጥተው የማይታየውን እጀታ ጨብጠዋል። ሳበ። ትከሻው አብሮ ወረደ፣ ጉልበቱ ትንሽ ታጠፈ። «ሥጋው ሲያልቅ ድምፁ ይለወጣል። ያኔ እንቧዩ ይወቀጥና ይቀባል፣ ጉሎው ይከተላል፤ በእግር ይረገጣል፣ ይታሻል። ሲለሰልስ እንደ ሕፃን ገላ ነው።»

የሚስቅ የለም። ፈቃደም ዝምታውን ሲሰማ ነው እጆቹ የት እንዳሉ ያየው። ፈጥኖ ወደ ኪሱ ከተታቸው።

«ይኼ ሲሠራ የኖረ ሰው ንግግር ነው» አሉ አያንቱ፣ በአክብሮት። «የት ተማሩት?»

ኃይለመለኮት ያየዋል፣ ልጁ ከበሩ ያየዋል። «ከነሱ ቤት» አለ፣ በአገጩ ወደ አማቹ እያመለከተ። «ሲሠሩ እያየሁ።»

አያንቱ የልዑልሰገድን ወረቀት መልሰው ሳቡና ፈረሙበት። ኃይለመለኮት የፊታውራሪ የልጅ ልጅ መሆኑ ተሽሮ ቆዳ ሲያለፋ የኖረ ሰው መሆኑ ስለጸናለት ደስታውን መደበቅ አቃተው። ሠርካዲስ ግን አልሳቀችም። ከሴቶቹ ረድፍ ሆና የባሏን ኪስ፣ እጆቹ የገቡበትን ቦታ፣ ዓይኗን ሳትነቅል ታይ ነበር።

ቀጥሎ ዋቅሹማ ዳዲ ገረሱ ተጠራ። ልጁ ወደ ፊት መጥቶ ሲቆም ፊቱ ቅድም የነበረው ፊት አልነበረም። አያንቱ ውጤቱን አገላብጠው አዩ፣ ደግመው አዩ። «እንዲህ ያለ ውጤት ከዚህ ወረዳ አላየንም» አሉ። «ምስክርህስ?» ልጁ ዓይኑን ከጠረጴዛው አላነሣም። አያንቱ ስሙን እንደገና አነበቡና ቀና አሉ። «ገረሱ። ቅድም የመሰከሩት ጓድም ፈቃደ ገረሱ ናቸው። ዝምድና አላችሁ እንዴ?»

ነገሩ ለፈቃደ እንዲህ ተቃንቶ ተቀመጠለት። ማንም አልጎተተውም፣ መሳደብ አልነበረበትም፣ ንግግር ማድረግ አልነበረበትም፤ አዎ ማለት ብቻ ይበቃ ነበር። ፈቃደ ተነሣ። የጉርሻው ጣዕም እስካሁን አፉ ውስጥ አለ።

«ገረሱ የሚባል ሰው ብዙ ነው» አለ።

«አንተስ፣ ታውቃቸዋለህ?» አሉ አያንቱ ልጁን።

ዋቅሹማ አጎቱን ከእግር እስከ ራሱ አየው። የቁጣ አስተያየት አልነበረም፤ ሰው መንገድ ላይ የረገጠውን ነገር ለማወቅ ጫማውን ገልብጦ የሚያየው ዓይነት ነበር። «አላውቃቸውም» አለ። «ኩማ የሚባል አጎት ነበረኝ። እሱ ቢኖር ይመሰክርልኝ ነበር። ሞቷል።»

አያንቱ አዘኑ፤ ማዘናቸውም ታየ። ይሁን እንጂ ደንብ ደንብ ነው፣ ያለ ምስክር አይሆንም አሉ፤ የልጁንም ወረቀት ከታች አደረጉት። ቆዳ አይቀቀልም የሚለውን የለየ ጆሮ፣ ማን ከማን እንደተወለደ ፊት ለፊቱ ተቀምጦለት አልለየም። ደገፋ የጭቁኖች ልጅ የሆነው ጓድ ልዑልሰገድ በመመረጡ እንኳን ደስ ያለን ብሎ አስጨበጨበ። ዋቅሹማ ጭብጨባው ሳያልቅ ወጣ፤ በሩንም ቀስ ብሎ መለሰው።

ወደ ቤት ሲመለሱ ኃይለመለኮት በፈቃደ ትከሻ ላይ እጁን ጥሎ መንገዱን ሙሉ አወራ። «የት ነው እንዲህ የሸመደድከው? እኔን ራሴን እኮ ፋቂ ሳልሆን አልቀርም አሰኘኸኝ» እያለ ይስቃል። ሠርካዲስ ነጠላዋን እስከ አፏ ተሸፍና ከፊት ከፊት ትሄዳለች፤ ዞር ብላም አላየቻቸው። ቤት ገብተው ሁለቱ ብቻ ሲቀሩ፣ ስኒዎቹን እየደረደረች፣ ፊቷን ሳታዞር ጠየቀችው።

«ጠዋት ከበር የመለስከው ልጅ፣ ያ የአገርህ ሰው ልጅ ያልከኝ፣ ያው አዳራሽ ያየሁት ነው?»

«ማ? እሱማ... እኔም አዳራሽ ሳየው ገረመኝ።»

«የማን ልጅ ነው?»

ፈቃደ ጠላውን የሸፈነውን ጨርቅ አስተካከለ።

«ገረሱ የሚባል ሰው ብዙ ነው» አለች ሠርካዲስ። አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም፤ እሱም የፈራው ጩኸት ባለመምጣቱ አለፈልኝ ብሎ ተነፈሰ። ሚስቱ ግን መስኮቱ ላይ ያለውን የተቆረጠ ሎሚ በሁለት ጣቶቿ አንጠልጥላ አየችውና ወደ ውጭ ወረወረችው። እጇን ታጠበች። ቆየት ብላ ደግማ ታጠበች።

ጀምበር ከመጥለቋ በፊት የማኅበሩ ሰዎች ገቡ። የማኅበሩ አባት የሆኑት ቄስ ዳቦውን ባርከው ቆረሱ፣ ልደታን አመሰገኑ። ወሬው ሁሉ ስለ ልዑልሰገድ ነው። በምን ተመረጠ ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ ሁሉም ያውቃል፣ ሁሉም ዕድሉ ነው ይላል። አንዱ አዛውንት ፊታውራሪ ይህን ቢያዩ ብለው አለቀሱ። ሠርካዲስ ጽዋውን በጠላ ሞልታ ለቄሱ ሰጠች፤ ከሳቸው ወደ አዛውንቱ፣ ከአዛውንቱ ወደሚቀጥለው እያለ ዞረ። ኃይለመለኮት ዘንድ ሲደርስ፣ ያ ከሰዓት በኋላ በሦስት ምስክር ፋቂነቱ የጸናለት ሰው፣ ጽዋውን በሁለት እጁ ይዞ ጠጣ፣ ሪዙን ጠራረገ፣ ማንም ምንም አላለውም። ከዚያም በቀኙ ወደተቀመጠው ወደ ፈቃደ ዘረጋለት።

ጽዋው መሀል ላይ ሳለ የሠርካዲስ እጅ ደርሶ ወሰደው። ፈቃደን አሳልፋ ለሚቀጥለው ሰው ሰጠችና ወደ ጓሮ ወጣች። ስትመለስ ጠርዙ የተላጠውን ሰማያዊ ኩባያ ጠላ ሞልታበት ይዛ ነበር፤ ባሏ ፊት፣ ወለሉ ላይ አስቀመጠችው። ጨዋታው ቆመ። ሁሉም ኩባያውን ያውቁታል።

«ጉንፋን ይዞታል» አለች ሠርካዲስ፣ ለቄሱ ፈገግ ብላ። «እንዳያጋባችሁ ብዬ ነው።»

«ይማርህ ልጄ» አሉ ቄሱ።

ፈቃደ ጎንበስ ብሎ ኩባያውን አነሣ። የተላጠው ጠርዝ ከንፈሩን ቆረቆረው። ሚስቱ በሩ ላይ ቆማ ታየዋለች፤ ማኅበሩም በሙሉ እንደዚያው። ጠጣ፤ ኩባያውን መልሶ ወለሉ ላይ አስቀመጠ። ከዚያም አሁንም ስለሚያዩት እጁን አፉ ላይ አድርጎ፣ ያልያዘውን ጉንፋን ሳለ።